ለፋሲካ ዓሣ

ምስጋና ለእናቷ የደወለችው ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው። ሸዋነሽ ዳውንታውን፣ ሒሳብ በምትቀበልበት መኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለችው ጠባብ የመስታወት ክፍሏ ተቀምጣ ነበር።

«እማዬ፣ ለፋሲካ እንመጣለን። ጀዕፈርም አብሮኝ ነው፤ እሺ?»

«ይምጣ እንጂ! ቤቱ አይደል?» አለች ሸዋነሽ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከሠርጉ ቀጥሎ በመጣው ፋሲካ፣ የልጇ ባል ጀዕፈር እሷው ቤት ለበዓል ተቀምጦ ነበር። ጀዕፈር የወሎ ሙስሊም ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። እንግዳው ሁሉ ዶሮውን ከቦ ሲበላ፣ እሱ ጥግ ላይ ሽሮ ቀረበለት። ሸዋነሽም ሰው ለማሳቅ ብላ «የኛ ሙሽራ ሁዳዴን ገና አልፈታም!» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ ጀዕፈር ራሱ ሳቀ። ምስጋና ግን አልሳቀችም። ምስጋና ካለችበት ደንዉዲ እናቷ እስካለችበት ሎረንስቪል በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን በየበዓሉ «ሥራ ገባሁ» ሆነ መልሷ።

ስለዚህ ሸዋነሽ ዘንድሮ ዶሮ ላለመሥራት ቆረጠች። ዓሣ ባርኮ የሚያርደው የለውም፤ የማንም ሃይማኖት አይደለም። ሳልመን ገዛች፤ በቆስጣና በአይብ የሚሠራ ላዛኛም ከስልኳ ላይ እያየች ተማረች። ዶሮዋን ግን በልማድ ገዝታ፣ አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ፣ ፍሪዘር ውስጥ ከትታለች።

ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ወርቅውሃ ደወለች።

«ሽንኩርቱ አልቆልሽ ነው እንዲህ ጸጥ ያልሽው?»

«ዓሣ ነው የምሠራው።»

«በፋሲካ? አንቺ ሴት፣ ጾሙ አልለቅሽ አለ እንዴ?»

«ለጀዕፈር ብዬ ነው።»

«ዓሣውን ለሱ፣ ዶሮውን ለእናንተ! ምን ያስጨንቅሻል?»

«ሁለት ትሪ ቤቴ አይቀርብም፤ አንዴ ቀርቦ አይቻለሁ» አለች ሸዋነሽ። ወርቅውሃም ያኔ ከሳቁት አንዷ ነበረችና «እሺ፣ መልካም በዓል» ብላ ዘጋች።

በዚያ ዓመት የኛም የፈረንጆቹም ፋሲካ አንድ ቀን ውሏል። መንገዱ ሁሉ ጭር ብሏል። ባልና ሚስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ምስጋና ከሆስፒታል የሌሊት ሥራዋ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«እንኳን አደረሰዎት፣ እማማ» አለ ጀዕፈር ጎንበስ ብሎ።

ሸዋነሽ ክዳኑን አነሳች። ጀዕፈር ዓሣውን አየ፣ ላዛኛውን አየ፤ ሥጋ ሲፈልግ ቆይቶ ገባው።

«ይሄ ሁሉ ለኔ ተብሎ ነው?»

«ለሁላችንም ነው። ብላ!»

ምስጋና ወደ ምድጃው ዞራ ተመለከተች። «ዶሮውስ፣ እማዬ?»

«ዘንድሮ ተውኩት። አንድ ላይ እንድንበላ ብዬ።»

ምስጋና አማተበችና ዓሣውን ቆረሰች። ጀዕፈር ግን እጁን ሰብሰብ አደረገ።

«እማማ፣ እስካሁን ምንም አልቀመሰችም። ‹በእማዬ ዶሮ ነው የምፈታው› ብላ ነው። ሃምሳ አምስቱንም ቀን ጾማለች፤ ሽሮዋን የምሠራላት እኔ ነኝ።»

«ጀዕፈር፣ ፕሊስ!» አለች ምስጋና።

ሸዋነሽ የያዘችውን ጭልፋ መልሳ አስቀመጠች። ልጇ ካገባች ጀምሮ ጾሙን የተወች መስሏት ኖሯል። አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም።

«ይጣፍጣል» አለች ምስጋና፣ የደረሳትንም ሁሉ ጨረሰች። ጥቂት ቀምሳ ብትተወው ለእናቷ ይሻላት ነበር። ጀዕፈር ሁለቴ ደገመ። ሦስቱም ከአንድ ትሪ በሉ፤ ጥግ የተቀመጠ አልነበረም። ሸዋነሽ የተመኘችው ይህንኑ ነበር።

ሳይቆዩ ተነሡ። ጀዕፈር ኤርፖርት ማድረስ ያለበት ሰው ነበረ፤ ምስጋናንም እንቅልፍ ተጫጭኗታል።

«ነገ ኑ፣ ዶሮውን እሠራዋለሁ።»

«ነገም ሥራ እገባለሁ፣ እማዬ። ሌላ ጊዜ» አለችና ሳመቻት።

መኪናው ከዓይኗ ሲጠፋ ሸዋነሽ ዶሮዋን ከፍሪዘር አውጥታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረቻት። አሥራ ሁለቱ ብልት እንደ ድንጋይ ተያይዟል። ፈረሰኛው የባሏ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ የምስጋና ሆነ። ሦስት ዓመት ማንም አልነካውም፤ ለጎረቤትም ለእንግዳም ሳትሰጠው፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ድስቱ ሥር ታገኘው ነበር።

ዛሬ ማታ ሠርታ ነገ ጠዋት ራሷ ልታደርስላት አሰበች። ወዴት እንደምትሄድ ስታስብ ግን ቆመች። ደንዉዲ መሆኑን ታውቃለች፤ መንገዱን፣ የበሩን ቁጥር አታውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ «ኑ» ስትል እንጂ «ልምጣ» ብላ አታውቅም።

ስልኳን አነሳችና በአንድ ጣቷ ጻፈች፦ «የቤታችሁን አድራሻ ላኪልኝ።»

መልስ አልመጣም። ተኝታ ይሆናል። ሸዋነሽ ስልኩን ከፊቷ አስቀምጣ ሽንኩርቱን መላጥ ጀመረች።