ጥለቱ ወደ ታች የዋለበት ቀን

ሰቆጣ ገበያ እንዶድ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይይዘኝና ሰቆጣ ዙሪያ፣ እናቴ ቤት ይወስደኛል። እናቴ ሳሙና ጥለቱን ያደበዝዘዋል እያለች ነጠላዋን ሁልጊዜ በእንዶድ ታጥብ ነበር።

አባቴ የሞተው ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ መንገዱን ሁሉ ጭቃ አድርጎት ሳለ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ባለቀለሙን ጥለት ወደ አንገቷ አምጥታ ትለብስ ነበር። በእኛ አገር ይህን ያየ ሰው ምን ሆነሽ ብሎ አይጠይቅም፤ ሐዘንተኛ መሆኗን ከሩቅ አውቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰላም ብሎ ያልፋል። ዓመቱ ሳይሞላ ጥለቱን ወደ ታች የመለሰች ሴት ግን ወዮላት፣ «ድሮም ባሏን አትወደውም» ትባላለች። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ሽማግሌ ፊት ቆማ መሟገቷም ነውር ነበር። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ምስጋናው ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጤፉ መዘናፈል ሲጀምር አያ ምስጋናው በየሰንበቱ እየመጣ ከቤታችን በታች ያለችውን እርሻ ዞር ዞር ብሎ ያያት ጀመር። ያለችን መሬት እሷው ብቻ ነበረች። «አንቺ ሐዘንሽን ተቀመጪ፣ የሚመጣውን ዓመት እኔ አርሰዋለሁ» ይላታል። እናቴ አንዴ በእሱ በሬ የታረሰ መሬት ተመልሶ እንደማይመጣ ገብቷታል። «አያ፣ ልጆቹ ምን ይብሉ?» ስትለው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሏት፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለስ አድርጎ ይሄድ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ ሰውዬ የጠላሁት ሰው አልነበረም።

አዝመራው ተሰብስቦ ታኅሣሥ ሲገባ አያ ምስጋናው እርሻዋን እንዲሰጡት ብሎ ሽማግሌዎቹን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰበሰበ። ሙት ዓመቱ ገና ሩቅ ነበር፤ እሱም የፈለገው ይህንኑ ነው። በዋዜማው እናቴ ወንዝ ወርዳ ነጠላዋን በእንዶድ አጠበች፤ እኔም በአንዱ ጫፍ ይዤ አብሬያት ጨመቅኩ። «እምዬ፣ ነገ ምን ልታደርጊ ነው?» ብላት ነጠላውን አራግፋ ቁጥቋጦ ላይ አሰጣችው።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። አያ ምስጋናው አዲስ ጋቢ ለብሶ ተነሣና «እሷ ሐዘን ላይ ናት፣ ስለሷ እኔ ልናገር» ብሎ ገና ሲጀምር እናቴ ጥለቱን ወደ ታች መልሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋ መጥታ ፊታቸው ቆመች። ከኋላዬ ሴቶቹ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ መንሾካሾክ ጀመሩ። አያ ምስጋናው ዝንቡንም ተረቱንም ረስቶ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ፈንታዬ፣ ሐዘንሽን ጨረስሽ?» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ አባ ወልዴ፣ ቀስ ብለው።

«አልጨረስኩም አባቴ። ሐዘኔ ቤት ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ መሬቱ ግን አይጠብቀኝም። ብትፈርዱልኝም ብትፈርዱብኝም ቤቴ ስገባ ነጠላዬን መልሼ እዘቀዝቀዋለሁ» አለች።

አባ ወልዴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ለሴት ሲነሡ ያን ቀን ነው ያየሁት። ወደ አያ ምስጋናው ዞረው «የእርሻዋ ባለቤት ይችው ቆማለች። አንተ ስለማን ልትናገር ነው?» አሉት። አያ ምስጋናው ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹም መክረው እርሻዋ በእናቴ እጅ ትሁን፣ ለሚያርስላት ሰውም ራሷ ትስጥ ብለው ፈረዱ።

ደስታ ልቤን ሊያፈነዳው ደርሶ እልል ልል ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። ቤት እንደገባን ነጠላዋን አውልቃ፣ ዘቅዝቃ ለበሰችውና ያኔ አለቀሰች። እስከ ሐምሌም እንዲያው ለበሰችው። ሙት ዓመቱ ሲወጣ እነዚያው ያንሾካሾኩ ሴቶች መጥተው ጥለቱን በገዛ እጃቸው ወደ ታች መለሱላት። እልልታዬንም ያን ቀን ለቀቅኩት።

እርሻዋ ዛሬም የእናቴ ናት፤ እኔን ያስተማረችኝም ያችው እርሻ ናት። አሁን ሰቆጣ ከተማ የአገር ልብስ እሸጣለሁ። ያኔ ሰው ጥለት አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ የዛሬ ልጃገረዶች ግን ነጠላውን ለፎቶ ባማረበት በኩል ያውሉታል፣ ያምርባቸዋልም፣ አልፈርድባቸውም። አንዳንዷ ግን መስታወቱ ፊት ቆማ «እትዬ፣ ጥለቱ በየት በኩል ነው የሚውለው?» ትለኛለች። ለደስታም ለሐዘንም እንዴት እንደሚለበስ አሳያትና እናቴ በአንድ ቀን በሁለቱም በኩል እንደለበሰችው፣ በሁለቱም እንዳላፈረች እነግራታለሁ።