ያልረጋው ጠብታ

ያን ቀን ጠዋት የእርጎ ቅሎቼን አጥቤ በወይራ ጭስ እያጠንኩ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ወተትና እርጎ እሸጣለሁ፣ አያትሽ ባቡር ላይ ይሠራል። ከተጋባን ቆይተናል፣ ልጅ ግን የለም። አማቴ ከጀልዴሳ፣ ‘ዋሂል መንደር አንዲት ልጅ አይቼለታለሁ፣ ጁምዓ መጥቼ ነገሩን እንጨርሳለን’ ብላ ልካለች። ሁለተኛ ሚስት ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ የወር አበባዬ ቀርቷል። ግን ስንቴ ቀርቶ ስንቴ ተመልሶ መጥቷል፤ ምን ብዬ አፌን ሞልቼ ልናገር?

ጨርቅ የምትነግደው ሱማሌ ጎረቤቴ፣ ‘አባዮ፣ እህቴ፣ ሆስፒታል ሽንት አይቶ እርግዝና የሚናገር መድኃኒት መጥቷል አሉ፣ ሂጂ’ አለችኝ። ሄድኩ።

የላብራቶሪው ሰውዬ ከፍሪጅ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። ‘ይሄ ከጥንቸል ደም የወጣ ነው’ አለኝ።

‘ልጠጣው ነው?’

‘አንቺ አትጠጪውም እህቴ፣ ሽንትሽ ነው የሚጠጣው።’

አሁን አንቺ ተምረሽ አንቲቦዲ ትዪዋለሽ፣ እኔ የጥንቸሏ መድኃኒት ነው የምለው። መስታወት ላይ ከሽንቴ ጋር ቀላቀለው፣ ወተት የመሰለ ነገርም ጠብ አደረገበት። ‘እንግዲህ ይሄ ከረጋ...’ ሲል ከውጭ ጠሩትና ወጣ።

አጎንብሼ አየሁት። እኔ ወተት እስኪረጋ ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያልረጋ ወተት ኪሳራ ነው። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ እንደ ቀጠነ ቀረ። ሻርፔን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

‘አልረጋም’ አልኳት ጎረቤቴን። ‘ለዋሂሏ ልጅ ቤቱን ልጥረግላት።’

‘ሰውዬው ምን አለ?’

‘ምን ይላል፣ በዓይኔ አየሁት እኮ።’

‘ወላሂ አንቺስ፣ ሐኪሙንም በእርጎ ለካሽው’ ብላ እጄን ይዛ መለሰችኝ።

ሰውዬው በሩ ላይ ቆሟል። ‘የት ጠፋሽ? ከረጋ እርግዝና የለም ማለት ነው ልልሽ ነበር። ያረገዘች ሴት ሽንት ውስጥ ያለውን ነገር መድኃኒቱ ቀድሞ ይይዘዋል፣ ነጩን የሚያረጋ መድኃኒት አይተርፍም። ያንቺ አልረጋም። አርግዘሻል።’

ጎረቤቴ እየሳቀች መሬት ተቀመጠች። እኔ አልሃምዱሊላህ ብዬ ሻርፔን ከፊቴ ላይ ገለጥኩ።

አማቴ ጁምዓ መጣች። ነገሩን ስትሰማ የዋሂሏን ልጅ ሳታነሳ የያዘችውን ቅቤ ሰጥታኝ ሄደች። ሆዴ ውስጥ የነበረችው እናትሽ ናት።

አማቴ እንደወጣች ጎረቤቴ ቅሎቼን አየት አደረገችና፣ ‘አባዮ፣ ከነገ ጀምሮ ይሄን ወተት አትሸጪም፣ ትጠጪዋለሽ። የረጋና ያልረጋውን እኔ አይልሻለሁ’ አለችኝ።