ተመስገን ስንት ቁጥር ነው?

ቁጣዬን ከማንም አልወረስኩትም። እናቴ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንኮበር ላይ ቄስ ነበር፤ ሲናደድ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። የኔ ቁጣ የራሴ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በአንዲት ቃል ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር የገጠምኩትን ሙግት ስተርክ "ምናለ ረጋ ብትይ ኖሮ" የሚል ስለማይጠፋ ነው። ረጋ አላልኩም። አሁንም አልልም።

ደብረ ብርሃን ማስተርሴን ስማር የትርፍ ሰዓት ሥራ ያዝኩ፤ ለአንድ ትልቅ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆንኩ። መጠይቅ ይዤ ከመዘዞ እስከ ጎረቤላ ቤት ለቤት መዞር ነው። ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠይቄ ስጨርስ አንዲት የማሳረጊያ ጥያቄ አለች፤ "ባጠቃላይ በኑሮዎ ምን ያህል ረክተዋል?" መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ነው። አንድ ማለት ምንም አልረካሁም፣ አምስት ማለት እጅግ በጣም ረክቻለሁ።

ሰዉ ታዲያ ቁጥር አይልም። "ተመስገን" ይላል።

መዘዞ ላይ አንድ አባወራ ገብሳቸውን በረዶ መትቶታል፣ ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱ ሞቷል። ይህን ሁሉ ከዚያች ጥያቄ በፊት ራሳቸው ነግረውኛል። "ታዲያ በኑሮዎ ምን ያህል ረክተዋል?" ስላቸው ወደ በረቱ እያዩ "ተመስገን" አሉ። "ከአንድ እስከ አምስት ቢሉኝ፣ አባቴ?" ስል "አንቺ ልጅ፣ ተመስገን አልኩሽ እኮ! ምን በል ነው የምትይኝ?" ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው።

ተቆጣጣሪያችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ብርዱ ያንገሸገሸው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። "ተመስገን ካሉ አራትን አክብቢ" አለኝ።

"ለምን አራት?"

"አመስግነዋላ!"

"በሬያቸው ሞቷል እኮ።"

"የበሬው ጥያቄ ሌላ ገጽ ላይ ነው" አለ።

መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ሳቄ ሳያልቅ ተናደድኩ። ሰው ፈጣሪውን ላለማስቀየም ጥርሱን ነክሶ ያላትን ቃል ወስደው "ደልቶታል" ብለው ሊጽፉበት ነው! አራትን አላከበብኩም። ቁጥሮቹ ጎን ባዶው ቦታ ላይ "ተመስገን" ብዬ በስክሪብቶ ጻፍኩ። በሌላውም ቤት እንዲሁ፣ በቀጣዩም እንዲሁ። ሥራው ሲታይ አሰናበቱኝ። እሰይ፣ እንኳንም አሰናበቱኝ! የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ያገኘሁት ያኔ ነው። ሰው "እንዴት ነህ?" ሲባል "ተመስገን" የሚለው መቼ ነው፣ ምንስ ደብቆ ነው? ይህን ላጠና ወሰንኩ።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ላይ የተናገሩት ነገር ልቤ ውስጥ ነበር። "ሶሻል ሳይንስ ሰፊ ነው" አሉን። "ሰው ተወልዶ እስኪቀበር የሚያደርገው፣ የሚለው፣ የሚተወው ሁሉ የእኛ ነው።" እንዴት ደስ አለኝ! ደግሞም እውነት ነበር። አብረውኝ ከሚማሩት አንዷ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ወደ ሠፈራቸው ሲገቡ ምን እንደሚገጥማቸው ታጠናለች። ሌላው ወንድማማቾች በውርስ መሬት ሲካሰሱ ሽማግሌ ማስታረቅ ለምን እንዳቃተው ይመረምራል። አንዱ የመናኸሪያ ተሸካሚዎችን ዕድር ያዘ። አንዱ ደግሞ ባልና ሚስት ባሉበት ቤት የሞባይል ባንኩን የይለፍ ቁጥር የሚያውቀው ማን ነው አለና ገባበት፤ በዚህም ምክንያት ሁለት ቤት ተጣልቷል እያሉ ያሙታል። ማንም "ይኼ ጥናት አይደለም" አላላቸውም።

የኔ ተራ ሲደርስ ሰፊው ቤት ጠበበ። የኢኮኖሚክሱ መምህር "ይኼ የሰዋስው ነገር ነው" አሉ። የቋንቋው መምህር "የሃይማኖት ነው" አሉ። የሥነ ልቦናው "ወደ ሶሺዮሎጂ ውሰጂው" ሲሉኝ "ከዚያ ነው እኮ የመጣሁት!" አልኳቸው። አማካሪ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ከርሜ በመጨረሻ አማካሪዬ ተቀበሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ። "ግን ስሚ" አሉኝ፤ "ከፍ ያለ ውጤት ካመጣሽ እዚሁ መምህርት አድርገው ያስቀሩሻል። ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ ደብረ ሲና ትመለሻለሽ። ጠንቀቅ በይ።"

ደብረ ሲና ሁለተኛ ደረጃ ነበር የማስተምረው። ደብረ ሲናን አልጠላውም፤ ግን እዚህ መቅረትን እንደ ምን እንደምመኘው እኔ ነኝ የማውቀው። እናቴ አንኮበር ብቻዋን ናት። ከደብረ ብርሃን ጧት ሚኒባስ ይዤ ሄጄ፣ ውዬ፣ ማታ መመለስ እችላለሁ።

ጽሑፉን በማጠናቅቅበት ክረምት አንድ እሑድ ደወልኩላት።

"እንዴት ነሽ፣ እማዬ?"

"ተመስገን።"

እናቴ ደህና ስትሆን "ተመስገን"ን ዘና ብላ ነው የምትላት፤ "አንቺስ? ብርዱስ?" እያለች ታስከትላለች። ያን ቀን ቶሎ ብላ ጣለቻት፣ እንደሚያቃጥል ነገር፤ ከዚያ ዝም።

"ይኼ ተመስገን ደስ አላለኝም" አልኳት። "ምን ሆነሻል?"

"ምን እሆናለሁ? ተመስገን አልኩሽ አይደል!"

ደብረ ሲና የጎማ ንግድ ላለው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። "ትናንት አነጋግሬያታለሁ፤ ተመስገን ብላኛለች" አለ። "አንቺን ይኼ ጥናትሽ ሳያሳብድሽ አይቀርም። ሰው ተመስገን አለ ተብሎ ሐኪም ቤት ይወሰዳል?" ብሎ ሳቀብኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በማግሥቱ ሄድኩ። አንኮበር ጉም በጉም ሆኗል፣ መንገዱ ያዳልጣል። እናቴ በሩ ላይ በግራ እጇ አቀፈችኝ። ቀኟን ነጠላዋ ውስጥ እንደያዘች ናት። ስገልጠው አንጓዋ አብጦ ጠቁሯል። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወድቃ ኖሯል፣ በመቀነቷ ጠምጥማ አስራ ተቀምጣለች። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?" ብዬ ጮህኩባት፤ እየጮህኩ ቦርሳዋን አዘጋጀሁ።

ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወረፋው የትየለሌ ነው። አንድ ወጣት ሐኪም በመጨረሻ ደረሰልን። ሥራ በዝቶበታል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"እንዴት ነዎት፣ እናቴ?"

"ተመስገን" አለች፤ እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነው።

"ጎሽ!" አለና ዞር አለ፤ ወደሚቀጥለው ሰው።

"ዶክተር፣ ይመለሱ እንጂ!" አልኩ፤ ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አየኝ። "ለእርስዎ መቼ መለሰችና ነው? ለእርስዎ ቢሆን 'ይመስገኑ' ትልዎ ነበር። ለኔ ቢሆን 'ተመስገኚ' ትለኝ ነበር። እሷ 'ተመስገን' ነው ያለችው። ከላይ ካለው ጋር ነው የምታወራው። ለእርስዎ ገና አልመለሰችም።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም። ዓመት ሙሉ ሳጠናው የከረምኩት ነገር በንዴት አፌ ላይ መጣ። ሐኪሙ ሳቀ፣ ተመልሶም ጎንበስ አለላት። "ይቅርታ እናቴ፣ አሁን ለኔ ይንገሩኝ። የት ነው የሚያምዎት?"

አጥንቷ ተሰብሯል። ጄሶ ሲያደርጉላት "አዋረድሽኝ" አለችኝ። "ለባዳ ሰው ምን ብዬ ላማርር? ባማርርስ እሱ አይሰማኝም ብለሽ ነው?" ወደ ላይ በግራ ጣቷ ጠቆመች። "የሱ ሌላ ነው። አንቺ ለኔ ንገሪኝ" አልኳት። ዓይኗን ሰበረች። እኔም ፊቴን አዞርኩ፤ ማልቀስ አሰኝቶኝ ነበር።

ጽሑፌን የምከላከልበት ቀን ይህን አንድ ምዕራፍ አድርጌ ይዤ ቀረብኩ። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ ኃላፊው መሐል ተቀምጠዋል። የኢኮኖሚክሱ መምህር ጀመሩ። "ጥሩ አንብበሻል፣ ጥሩም ጽፈሻል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ተመስገን ወደ ቁጥር ካልቀየርሽው ማወዳደር አይቻልም። ደስ ያለውን ተመስገን አምስት፣ የከፋውን ሁለት ብትዪውስ?"

"አይቻልም" አልኩ። "መልስ አይደለማ። ቁጥር የሚሰጠው ለመልስ ነው። ይህ ሰው ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገር እርስዎ አጠገቡ ቆመው ሰሙት እንጂ ለእርስዎ ምንም አላለም።"

"አሊዩ አምባ ያሉት ሙስሊሞችስ?" አሉ የቋንቋው መምህር። "አልሐምዱሊላህ ውስጥ 'አንተ' የሚል የለም።"

"ልክ ነዎት፣ የለም። እዚያ ያነጋገርኳቸው እናት ግን 'አልሐምዱሊላህ' ካሉኝ በኋላ ዝም ብዬ ብቀመጥ ነው ልጃቸው ከሄደበት እንዳልደወለ የነገሩኝ። ቃሉ ቢለያይም በሩ አንድ ነው፤ ዝም ብሎ የቆመ ነው የሚገባው።"

የኢኮኖሚክሱ መምህር ትዕግሥታቸው አለቀ። "እሺ፣ የእናትሽን ታሪክ ምን አመጣው እዚህ? እናትሽ እኮ ዳታ አይደለችም!"

"እኔስ ምን አልኩ!" አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። "የማንም እናት አራት አይደለችም ነው የምላችሁ!" ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞርኩ። "ዶክተር፣ ሰፊ ነው ያሉን እርስዎ ነዎት። ሰው የሚለው ሁሉ የእኛ ነው ብለውናል። ለባንክ የይለፍ ቁጥር ቦታ የተገኘበት ቤት ለአንዲት ቃል እንዴት ቦታ አጣ?"

አማካሪዬ ጫማቸውን ያያሉ። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ውጭ ቆዪ ተባልኩ፣ ቆየሁ፣ ተጠራሁ። ምዕራፉን አውጥቼ መልሶቹን በቁጥር ቀይሬ በወር ውስጥ ካቀረብኩ ከፍተኛውን ውጤት ይሰጡኛል፤ የመምህርነቱም ነገር ያለቀ ነው። ካልሆነ ግን እነሱም የሚያደርጉትን ያውቃሉ።

አማካሪዬ ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዙኝ። "ቀይሪው፣ ልጄ። ቦታው ላይ ተቀመጪና ከዚያ የፈለግሽውን ትጽፊያለሽ።" ለኔ ብለው ነው፤ አውቃለሁ። ወንድሜም ደውሎ "በአንድ ቃል ምን ያጣላሻል፣ ለእናታችን ስትይ ቅሪ" አለ። ለእናታችን ስል! መዘዞ ያሉት አባወራ ወደ በረቱ እያዩ ያሏትን ቃል ወስጄ ሁለት ልላት? የእናቴን ስብራት አራት ብዬ አልፌ፣ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ለሌላ ልጅ "ሶሻል ሳይንስ ሰፊ ነው" ልል? ሞቼ ነው ቆሜ!

ወሩ ሲሞላ አቀረብኩ። አንዲት ቃል አልነካሁም። እንዲያውም ምዕራፉ አራተኛ ነበር፣ አንደኛ አደረግሁት።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን በጧት ሄድኩ። አልፌያለሁ፤ ካለፉት ሁሉ መጨረሻ ላይ ነኝ። ለመምህርነት የተመረጠው ያ የይለፍ ቁጥሩ ልጅ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ጨበጥኩት፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እሱ ምን አጠፋ? ማንም እንዲያየኝ ስላልፈለግሁ በኋላኛው በር ወጣሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ፊቴን ይገርፈዋል። አልጸጸተኝም፤ ግን ደብረ ሲና በጣም ራቀብኝ። ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

"እንዴት ሆነልሽ፣ ልጄ?"

"ተመስገን" አልኳት።

ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ይኼ ተመስገን ደስ አላለኝም" አለች። "ምን አደረጉሽ?"

የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት።