አሥረኛው ደረጃ

የሕንፃው ሰው «ፈጥኖ ደራሽ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ለክፋት አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ለሙገሳም አልነበረም። አንዲት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከሥራ መልስ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ዛሬ እሳት ቢነሳ በየት በኩል ነው የምንወጣው?» እያለች ቤተሰቧን ስታዋክብ የሰማ ጎረቤት ሌላ ምን ብሎ ይጥራት? «አያድርስ ማለት አይሻልሽም?» ያሏት ነበሩ። «ሟርተኛ» ያሏትም አልጠፉም። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ቀጠለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መራመድ የማይችሉ አባት ያሉት ሰው፣ በአያድርስ ብቻ እንቅልፍ አይወስደውም።

አባቷ ፖስተኛ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማውን ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ፣ በየበሩ «ጥቅል አለዎት፤ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» ሲሉ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት የአከርካሪ ሕመም ሁለቱንም እግራቸውን ያዘባቸው። ምላሳቸው ግን ደህና ነው፤ እንዲያውም እግራቸው ያጣውን ሩጫ ሁሉ ምላሳቸው ወርሶታል። ቀን ቀን አብረዋቸው የሚውሉት እህታቸው ናቸው፣ የፈጥኖ ደራሽ አክስት። አክስቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ሲጣሩ ሦስት ቤት ያስነሳል። ሕንፃው ሊፍት የለውም። ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ በር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። እሳት ቢነሳ የተኛ በሽተኛ እንዴት ከፎቅ እንደሚወርድ ለሠራተኛው የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጠ። አንሶላና ሸራው በእነሱ እጅ ነውና አጣቢዎቹም ተጠሩ። በሽተኛው ሸራ ላይ ተኝቶ ይታሰራል፤ እግሩ ወደ ታች ይሆናል፤ ብርቱው ሰው ከላይ በራስጌው በኩል ይይዛል፣ ሌላው ከታች ሆኖ እየመራ ይወርዳል። ፈጥኖ ደራሽ ነገሩ ቶሎ ገባት። ሊወገድ ከተቀመጠው ውስጥ አንድ አሮጌ ሸራ አስፈቅዳ ወሰደች። ማታ ማታ ለመያዣ የሚሆን ጨርቅ ሰፋችበት፣ ዕቅድም ጽፋ በሩ ጀርባ ለጠፈች። ለአሠልጣኟ ለሲስተርም፣ አባቷን ከላይ የምትይዘው ራሷ እንደሆነች በኩራት አወራቻት።

ሲስተር ብዙ የማትናገር ሴት ነች። የሥራ ሰዓትሽ ከስንት እስከ ስንት ነው ብላ ብቻ ጠየቀቻት። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ በሳምንት ስድስት ቀን።

«ታዲያ እሳቱ አንቺ እስክትመጪ ይጠብቃል?» አለቻት።

ፈጥኖ ደራሽ ቤቷ ገብታ በሩ ጀርባ የለጠፈችውን ወረቀት አነበበች። አባዬን፦ እኔ። ቦርሳውን፦ እኔ። በሩን፦ እኔ። ስንት ቀን ስትለፋ፣ ለካ ዕቅዱ የሚሠራው እሷ ቤት ባለችበት ሰዓት ብቻ ነው! በራሷ አፈረች። ወረቀቱን ገንጥላ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለችና፣ ቀን ቀን ሕንፃው ውስጥ ማን ይውላል ብላ በጣቷ ቆጠረች። ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ተገኙ፦ ምድር ላይ፣ በሩ አጠገብ ጎማ የሚያድሰው ጎሚስታና ሚስቱ። ከእነሱ ጋር ደግሞ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ጠቡ የጎማ ጠብ ነበር። ጎሚስታው አሮጌ ጎማዎቹን አንደኛ ፎቅ መተላለፊያው ላይ፣ ከመብራት ቆጣሪዎቹ ሳጥን ሥር ይከምራል። ፈጥኖ ደራሽ አንዴ በትህትና፣ ሁለተኛ በቁጣ ነገረችው። በሦስተኛው በሰው ፊት፣ «ልብህም እንደ ጎማህ ነው፤ አየር ብቻ!» አለችው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰው ሳቀ፤ ሰውየው ግን አልሳቀም። ጎማዎቹ እዚያው ቀሩ፤ ይባስ ብሎ በዙ። እሷን የቆጫት ጎማው ሳይሆን ሚስትየዋ ነበረች። እህት ለሌላት ለፈጥኖ ደራሽ እንደ እህት የነበረች ሴት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

በማግስቱ ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ጎሚስታው ሄደች። የነፋውን ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። ቀና ብሎ አላያትም።

«ያን ቀን የተናገርኩህ ነገር ልክ አልነበረም» አለችው። «ይቅርታ ልልህ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አሁንም የመጣሁት ቸግሮኝ ነው፣ አልዋሽህም። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር ቢፈጠር፣ አባቴን የሚያወርድልኝ ሰው የለኝም።»

ጎሚስታው ካላማዳሪውን ቀስ ብሎ አዞረው። አረፋው ብቅ አለ። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አደረገበት፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ስንት ኪሎ ናቸው?» አለ።

እሺ ማለቱ ነበር። ፈጥኖ ደራሽ ደረጃውን ስትወጣ እንባዋ መጣ። ቂም አለመያዝ እንዲህ የሚያስለቅስ መሆኑን ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

እሑድ ልምምድ ሊጀመር ሲል አባቷ አሻፈረኝ አሉ። «ሠላሳ ዓመት የሰው ጥቅል ሳደርስ ኖሬ፣ በስተርጅና ራሴ ጥቅል ልሁን? እሳቱ ከመጣ ይምጣ፤ ወንበሬ ላይ ሆኜ እጠብቀዋለሁ» አሉ። ሌላው እንደ ቀልድ ቆጠረው። ልጃቸው ግን ከቀልዱ ሥር ያለውን ዕፍረት ታውቀዋለች፤ ስለዚህ አልተከራከረችም። እሷው ራሷ ሸራው ላይ ተኛችና «እሰሩኝ» አለች። አክስቷም የግድግዳውን ሰዓት ነቅለው ታቅፈው ወጡ። ምን ሊያደርጉበት ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በምን እናውቃለን አሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ገና ከሦስተኛ ፎቅ ሳይርቅ ከሸፈ፤ የሰፋችው መያዣ ተበጠሰ። ጎሚስታው ወርዶ ከወላለቀ መኪና የወጣ የወንበር ቀበቶ ይዞ መጣ። አብራው የመጣችው ሚስቱም የተበጠሰውን አገላብጣ አየችና፣ «ይሄ ስፌት ነው?» ብላ ሸራውን ከእጇ ወሰደችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእሷ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ፈጥኖ ደራሽ ተሰድባ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ በደህና ወረዱ። ከዚያ ወደ አንደኛ ፎቅ በሚያወርደው የመጨረሻ መታጠፊያ ላይ ግን፣ ከታች የምትመራው የጎሚስታው ሚስት ደረጃው ያለቀ መስሏት ረገጠች፣ ባዶ! እሷ በጀርባዋ፣ ፈጥኖ ደራሽ ከነሸራዋ፣ ጎሚስታው ከላያቸው ሆኖ፣ ሦስቱም የራሱ ጎማዎች ክምር ውስጥ ገቡ። አክስቷ ሰዓቱን እንዳቀፉ በሳቅ ፈረሱ። ከላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ በራቸው ላይ ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡበት፣ ደረጃውን የማያዩት አባቷ ደግሞ፣ «አሥር ናት እኮ እሷ!» ሲሉ ተሰማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌላው መታጠፊያ ሁሉ ዘጠኝ ዘጠኝ ደረጃ ሲሆን፣ ያቺ አንዷ አሥር ናት፤ ግንበኛው ተሳስቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከነቦርሳቸው ሲመላለሱባት የኖሩት ፖስተኛ ያውቋታል። ወርደው ቆጠሩ፤ አሥር። አባቷ ያን ቀን ሲስቁ ዋሉ፤ እሳቸው ሲስቁ ከሰማች ወራት ነበር። ሳቁ ሲበርድላቸውም፣ «በሉ እተኛለሁ። ግን ደረጃውን የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ቁጥር ማንም እግሩን እንዳያነሳ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ወረዱ።

ጎማዎቹስ? በማግስቱ የሉም። ጎሚስታው ከመንገዱ ማዶ አጥር ሥር ወስዶ ከምሯቸዋል። ማንም አልጠየቀውም። የተላጠው ጉልበቱ ሳይመክረው አልቀረም።

ቦርሳው ደግሞ በሩ አጠገብ ተሰቀለ፦ የቤቱ ሰነዶች፣ የሳምንት መድኃኒት፣ ትርፍ መነጽር፣ ባትሪ፣ ውሃ። አክስቷ በየቀኑ አንድ ነገር ይጨምሩበታል፤ ፈጥኖ ደራሽ በየማታው ታወጣለች። ካውያውን ሦስት ጊዜ አወጣችው። ስትቆጣቸው፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ሲባል አልሰማሽም? ኋላ ካውያዬን ብዬ ባለቅስ ማን ይሰማኛል?» እያሉ ይረቷታል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ማሽኖች ሲጮሁ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ ስልክም የሚቀመጠው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ፈጥኖ ደራሽ ለዕረፍት ወጥታ ስታየው፣ ከአክስቷ ሰባት ጊዜ፣ ከጎሚስታው ሚስት አራት ጊዜ ተደውሏል። መልሳ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች።

ከሩቅ ጭሱን አየችው። ከሕንፃው የደረጃ መስኮቶች ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የእሳት አደጋ መኪና በሩ ላይ ቆሟል፤ መንገዱ ሰው በሰው ነው። ሦስተኛ ፎቅን ቀና ብላ ለማየት አቃታት፤ ካየች እውነት የሚሆን መሰላት። አንዱ ጎረቤት «ፈጥኖ ደራሽ መጣች» ሲል ሰማች። ለዛሬስ ስሙ አያምርባትም፤ ከሁሉ ኋላ የደረሰችው እሷ ናት።

«አራት ደቂቃ ከሃያ!» የሚል ድምፅ ከመንገዱ ማዶ መጣ። አክስቷ ናቸው፤ የግድግዳውን ሰዓት ታቅፈዋል፣ ቦርሳው ትከሻቸው ላይ ነው፣ የካውያው ገመድ ከቦርሳው ተንጠልጥሏል። ከጎናቸው አጥር ሥር፣ ሁለት ጎማ ላይ ተቀምጠው ሦስተኛውን ተደግፈው፣ ፊታቸው ጥላሸት የለበሰ አባቷ ውሃ ይጠጣሉ። ጎሚስታው እንዳይወድቁ በትከሻው ደግፏቸዋል።

ፈጥኖ ደራሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ «ተመስገን» ማለት ጀመረችና ማቆም አቃታት።

የሆነውን ከሦስት አፍ ሰማች። አክስቷ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸታቸው በሩን እንደተማሩት በእጃቸው ጀርባ ነኩት፤ አልጋለም። በመስኮት ብቅ ብለው፣ እንደተስማሙት የድስት ክዳን ቀጠቀጡ። ጎሚስታው ምልክቱን ሲሰማ ዋናውን የመብራት ማጥፊያ አጥፍቶ ከሚስቱ ጋር ሮጦ ወጣ። ሸራው ከአልጋው ሥር ነበር፤ ለአፍና ለአፍንጫ የሚሆን እርጥብ ፎጣም ተዘጋጅቶ ነበር። አንደኛ ፎቅ ያለው የቆጣሪ ሳጥን ነው የተያያዘው። ከሁለተኛ ፎቅ በታች ጭሱ ወፍሮ የራስን እጅ እንኳ አያሳይም ነበር። እዚያ ጨለማ ውስጥ የነበረው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ በእርጥብ ፎጣ ታፍኖ፣ ሳይቸኩል፣ «ስምንት… ዘጠኝ… ቆዪ ልጄ፣ አንዲት ትቀራለች… አሥር» የሚል። የጎሚስታው ሚስት እግሯን ወደ አሥረኛዋ ዝቅ አደረገች፤ ወለሉንም አገኘችው።

ፈጥኖ ደራሽ ተነስታ የጎሚስታውን እጅ ልትስም ስትል ነጠቃት።

«ተይ» አላት። «የእሳት አደጋ ሰዎቹ ነግረውኛል። ጎማዎቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ነው ከቆጣሪው ሳጥን የቀለጠው ሁሉ የተንጠባጠበው። እዚያ ቢኖሩ ኖሮ ያ ደረጃ ሰው አያሳልፍም ነበር። እኔ ምን ብዬ እኖር ነበር? እኔ ነኝ አንቺን የማመሰግነው።»

አንዱ ሌላውን አመስግኖ የማይጨርስበት ቀን አለ፤ ያ ቀን እንዲያ ያለ ነበር።

አባቷ የውሃውን ጠርሙስ ለእህታቸው ሰጡና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሠላሳ ዓመት በየበሩ ያወጡትን ድምፅ አወጡ።

«ጥቅል አለዎት» አሏት። «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

መዳፋቸውን ዘረጉላት። ጥላሸት ለብሷል። ፈጥኖ ደራሽ በጣቷ ስሟን ከዳር እስከ ዳር ጻፈችበት፤ ጣቷ ያለፈበት ሁሉ ነጣ። አባቷ ፊርማውን ከመነጽራቸው ሥር መረመሩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያም ለሥራቸው ታማኝ የሆነ ፖስተኛ እንደሚያደርገው፣ ያደረሰውም መፈረም አለበት አሉ። የጎሚስታው ሚስት ከኋላቸው ቆማ ነበር። ቀረብ ብላ በጠቆረ ጣቷ የፈጥኖ ደራሽን መዳፍ ነካች። ልትጽፍ ጀምራ ተወችውና እጇን ጭብጥ አድርጋ ያዘቻት። እንደተያያዙ እሳቱ እስኪጠፋ ቆዩ።