ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ቀይ አፈር

ዘመኑ 1989 ነበር፤ ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ። ያን ክረምት ያስታወሰችኝ ልጄ ምሕረት ናት። ትናንት ደውላ፣ «እማዬ፣ አትሳቂብኝ፤ አፈር አማረኝ» አለችኝ። አራት ወሯ ነው። አልሳቅኩም። «ከየትም አንስተሽ አፍሽ ውስጥ እንዳትጨምሪ» አልኳት። ድምፄ ሳይከብድ አልቀረም፤ ደነገጠች። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የገላን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ጉልበቴን ጨርሶታል፤ አንዴ ከተቀመጥኩ ቶሎ አልነሣም።

ያኔ እኔም እሷን አርግዤ ነበር። ከባለቤቴ ከአበራ ጋር አቃቂ በሰቃ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እሱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል፤ ሲገባ ብናኝ ጥጥ ፀጉሩ ላይ ነጥቶ ሽማግሌ ይመስላል። ጣሪያችን ያፈሳል። ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋውን ወዲህና ወዲያ ስንገፋ እናመሻለን። አከራያችን ደግሞ ልጅ ከተወለደ ቤቱን ልቀቁ ብላናለች። ስንት ቤት እንደቀየርን እግዚአብሔር ያውቃል።

ተስፋችን አንድ ነበር፤ የቤት ሠሪዎች ማኅበራችን። ለማኅበሩ ሊሰጥ የታሰበው ቦታ ከቤታችን ጀርባ ያለው የአሮጌ መጋዘን ግቢ ነው። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ዕቃ ሲቀመጥበት ኖሮ ባዶ ቀርቷል። አጥሩ ስለፈረሰ የሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ቦታው ከመሰጠቱ በፊት አደጋ ይኑረው አይኑረው ሊያጠኑ ከከተማው ፕላን ሰዎች መጡ። መሪያቸው ቦት ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ፣ ትዕግሥተኛ ወጣት ሴት ነበረች። ዝናብ ስለነበር ሸራ ሥር ሰበሰበችን።

«እዚህ መጋዘን አደገኛ ኬሚካል ተቀምጦበት ያውቃል? ነዳጅ፣ አሲድ፣ የሚፈነዳ ነገር?»

ሁላችንም ወደ ጋሽ ደሳለኝ ዞርን። የመጋዘኑ ዘበኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ለሐሰት ምላስ የላቸውም።

«ኬሚካል የሚባል ነገር እዚህ ግቢ አልገባም፣ ልጄ» አሉ። «ቢገባ ኖሮ በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ።»

ሰው ሳቀ። እሷም ፈገግ ብላ፣ «እንግዲያው ነገ ጠዋት መጥተን ጥናቱን እንዘጋለን» አለች። ሴቶቹ እልል አሉ።

ወደ ቤት ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የርጥብ አፈር ሽታ ሲመጣብኝ አቅም አጣሁ፤ ያረገዘች ታውቀዋለች። የአቃቂ አፈር ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ እግር ይዞ የማይለቅ። እሱ አያምርም። ከመጋዘኑ ጀርባ ግን ቀይ አፈር ነበር። አገሩ ሁሉ በአረም ሲዋጥ እዚያ አንዲት ሣር አልበቀለችም። የተጠረገ ደጅ ይመስላል። ንጹሕ መሰለኝ። አንድ ጓል አንስቼ ስመለስ ጋሽ ደሳለኝ ከተከራዩት ክፍል ደጃፍ ላይ የበቆሎ እሸት ሲጠብሱ አዩኝ።

«ምንድነው የያዝሽው?»

አፈርኩ። «አፈር ነው፣ ጋሼ። አማረኝ።»

ሳቁ። «ለመሆኑ አፈር የጾም ነው የፍስክ?»

«ከእሱ አይደል የተሠራነው? የጾም ነው።»

«አይ አንቺ! ከየት አገኘሽው?»

በእጄ አሳየኋቸው። ሳቃቸው ጠፋ። በቆሎውን ጥለው ተነሡና ጓሉን ከእጄ መትተው ጣሉት።

«እሱን አትንኪ! መድኃኒት የተቀበረበት ነው!»

«የምን መድኃኒት?»

«የአንበጣ፣ የነቀዝ። በርሜሉ እያፈሰ አስቸገረ፤ ጊዜው ያለፈበትን እኛው ቆፍረን ቀበርነው። ቀዩን አፈር ከሌላ አገር በመኪና አምጥተን ከላይ ደፋንበት። አይጥ እንኳ አይደርስበትም።»

«ታዲያ ዛሬ ሲጠየቁ ለምን የለም አሉ?»

ግራ ተጋብተው አዩኝ። «እሷ የጠየቀችኝ ኬሚካል ነው። ይኼ መድኃኒት ነው።»

አልዋሹም። ሰፈሩ ሁሉ መድኃኒት ነበር የሚለው። በእኛ አፍ የሚያድነውም የሚገድለውም በአንድ ስም ይጠራል። የወደቀውን ጓል በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኼ ከተነገረ ቦታው ይቀር ይሆን?» አሉ ቀስ ብለው። እሳቸውም የማኅበሩ አባል ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው በር ጠብቀው የራሳቸው በር አልነበራቸውም።

አበራ ሲገባ ነገርኩት።

«ቦታው ይቀራል» አለ።

«ይቀራል።»

«አከራይዋም ልቀቁ ብላለች።»

«ብላለች።»

ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከመጋዘኑ ግቢ የልጆቹ ጩኸት ይሰማል፤ ጎል ገብቷል አልገባም ይጨቃጨቃሉ። እያዳመጠ ቆየና፣ «የኛም ልጅ እዚያው ነበር የሚጫወተው» አለ።

ቦታው ቀረ፤ ታጠረ። ማኅበሩ ተበተነ። አንዳንዱ ጎረቤት ሰላምታ ነሣን፤ አልፈርድበትም። ጋሽ ደሳለኝ ከኪራይ ቤት ሳይወጡ ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። እኛም ከቤት ቤት ስንዞር ኖረን ከብዙ ዓመት በኋላ የገላኑ ዕጣ ወጣልን። ደክሞኛል። ዕቃ ማሰር፣ ዕቃ መፍታት፣ አከራይ መለማመጥ ሰውን ያስረጃል። ግን ያን ጓል አልቀመስኩትም። ልጄ በጤና ተወለደች፤ ምሕረት ያልኳትም ለዚያ ነው። አሁን እሷም አፈር አማራት። ተመስገን እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።

ያኔ፣ ለአበራ በነገርኩት ማግስት ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልሜ ወደ መጋዘኑ ወረድኩ። ጋሽ ደሳለኝ ቀድመውኝ ሸራው ሥር ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ወጣቷን ቀረብኳት።

«እኅቴ፣ ትናንት ጥያቄሽ አልገባንም ነበር። እንደገና ጠይቂን። ኬሚካል አትበዪ፤ መድኃኒት በዪ።»

ግራ ገባት፤ ግን ጠየቀች። «እዚህ ግቢ መድኃኒት ተቀምጦበት ያውቃል?»

«ውይ፣ እሱማ ሞልቶ!» አለች አንዲት ጎረቤታችን ሳታስበው። ወዲያው ሁሉም ገባው።

«ተከተይኝ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ደሳለኝ፤ ወደ ቀዩ አፈር መንገድ ጀመሩ። እኔም ኳሳቸውን ይዘው የመጡትን ልጆች ከአጥሩ አፍ መለስኳቸው።