ጋሽ ኑሪ እና የጥድ አጥሩ ድንቢጦች

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ላፍቶ ኮንዶሚኒየማችን ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ፣ የተቆረጠ ጥድ ሽታ በመስኮት ገባ። ሽታው ለሌላ ሰው ደስ ይል ይሆናል፤ እኔን ግን ያንገሸግሸኛል። ቢላዋውን ጥዬ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረድኩ። ኮሚቴው የቀጠረው ሰውዬ በትልቅ መቀስ አጥሩን እስከ ግማሽ ከርክሞታል። ከወደቀው ቅርንጫፍ መሃል የድንቢጥ ጎጆ ተገልብጦ ሁለት እንቁላል ተሰብሯል። እዚያው ቆሜ ጋሽ ኑሪን አስታወስኩ።

ጋሽ ኑሪ ጎፋ ሳለን፣ ከግቢያችን ወደ መንገድ የምትከፈተውን ክፍል የተከራየ ልብስ ሰፊ ነበር። በልጅነቱ ከስልጤ አገር የመጣ፣ ቀጭን፣ ሜትሩ ከአንገቱ የማይወርድ ሰው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናው ድምፅ ገና ከመታጠፊያው ይቀበለኛል። ክፍሏ የማሽን ዘይትና የከሰል ካውያ ትሸት ነበር።

አጥራችን ያኔ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የፈረንጅ ጥድ ነበር፤ ውስጡን ድንቢጥ ሞልቶታል። ጋሽ ኑሪ ክረምት ሊገባ ሲል ጥጥ፣ ደረቅ ሳርና የበግ ጠጉር በሽንኩርት መረብ ጆንያ ሞልቶ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥላል። ወፎቹ በመረቡ ቀዳዳ እየጎተቱ ለጎጆ መሥሪያ ይወስዱታል። ጎናቸውን የበሳቸው ትናንሽ ቅሎችም ከጣሪያው ክዳን ሥር፣ ፀሐይ በማያገኘው፣ ድመት በማይደርስበት በኩል ሰቅሎላቸዋል። ደንበኞቹ ይስቁበት ነበር። እሱ ግን እንደ ልብስ ልኬት ይጠነቀቅበታል። ክር ለወፍ አይሰጥም ይል ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

አንድ አርብ እሱ ለጁምዓ ሲሄድ፣ ላስደስተው ብዬ ከክፍሉ ወለል ረጃጅም አረንጓዴ የናይለን ክር ለቅሜ ጆንያው ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከወር በኋላ አንዲት ጫጩት ከጎጆዋ ሥር በእግሯ ተንጠልጥላ ስትወዛወዝ አየን። እናቲቱ ዙሪያዋን እየበረረች ትጮሃለች። ጋሽ ኑሪ በርጩማ ላይ ወጥቶ በትንሿ መቀሱ ክሩን ቆረጠው። እግሯ ጠቁሮ ነበር። መዳፉ ላይ ትንሽ ቆይታ ሞተች።

“እኔ ነኝ ክሩን የጨመርኩት” አልኩት። “አላወቅኩም ነበር።”

“አሁን አወቅሽ” አለኝ።

አላባበለኝም፣ አልተቆጣኝም። ጆንያውን አውርዶ እግሩ ሥር አስቀመጠኝና ክሩን አንድ በአንድ ከጥጡ አስለቀመኝ። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ለቀምኩ።

በሚቀጥለው ዓመት አባቴ ጥዱን አስቆርጦ የብሎኬት አጥር ሊያሠራ ተነሳ። ጋሽ ኑሪ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ሦስት ሳምንት እንዲታገሰው ለመነው፤ አባቴም እሺ አለ። ጋሽ ኑሪ ቃሉን አምኖ ለአረፋ አገሩ ሄደ። በሄደ በአራተኛው ቀን ግንበኛው ሌላ ሥራ ሳልይዝ ልጀምርልህ ብሎ መጣ፤ አባቴም ጥዱን አስቆረጠው። አለቀስኩ፤ ማን ሊሰማኝ።

ጋሽ ኑሪ ሲመለስ ባዶውን ቦታ አየ። አባቴን እንዴት ዋሉ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። ዝምታው አናደደኝ። እኔ ልናገረው የማልችለውን ሁሉ እሱ እንዲናገርልኝ ፈልጌ ነበር። በወሩ የስፌት መኪናውን በጋሪ ጭኖ ወጣ። የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት ግን እኔ ጮህኩ። ሰውዬው መቀሱን አስቀመጠ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮም ድምፄን ሰምተው ወጡ። ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን እስኪያሳድጉ የቀረው ግማሽ ለሁለት ወር ብቻ እንዲቆይ ለመንኳቸው።

“እህቴ” አሉኝ፣ “ሰው ቤት ባጣበት ከተማ አንቺ የወፍ ቤት ታስጠብቂናለሽ?”

ውሸት አልተናገሩም፤ እኔም ይህችን ቤት ያገኘሁት ዓመታት ጠብቄ ነው። ግን አጥሩ ስለተቆረጠ ቤት የሚያገኘው ሰው ማን ነው? ይህ ጥያቄ የመጣልኝ እሳቸው በራቸውን ከዘጉ በኋላ፣ ደረጃው ላይ ነው።

ቆራጩ ለዛሬ ይብቃኝ ብሎ ሄደ። አጥሩ ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ቆሟል። ነዋሪው ሲያልፍ መጀመሪያ አጥሩን ያያል፣ ቀጥሎ የእኔን መስኮት። የቆመው ውስጥ ሦስት ጎጆ ቆጥሬያለሁ። ትናንት መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ቀሪው ቅዳሜ ይቆረጣል ይላል። የሰብሳቢዋ በር ድረስ ሄጄ እንደገና ለመንኩ። እናያለን አሉኝ።

ጋሽ ኑሪ ከዚህ የተሻለ ቃል ተሰጥቶት ነበር። ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሽምግልና ነው፣ ሐዋሳ። እንደማልመጣ ደውዬ ነገርኳቸው።