የእማዬ ነጠላና ማሽኑ

ለቡ የተከራየሁትን ቤት ደላላው ሲያሳየኝ ሳሎኑን በጥድፊያ አለፈና የሻወር ቤቱን በር ከፈተ። «ይኸውልሽ እህቴ፣ ማሽኑም ከቤቱ ጋር ነው» አለኝ። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ጥግ ላይ ሳየው እዚያው ተሸነፍኩ። ለራሴ አልነበረም። እማዬን ከጎፋ አምጥቼ አብራኝ እንድትኖር ፈልጌ ነው። በተከራየችበት ግቢ፣ የጋራው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ስታጥብ ወገቧ እንዴት እንደሚያማት አውቃለሁ።

መጣች፤ ግን «ትንሽ ልሰንብት» ብላ ነው የመጣችው። የጎፋዋን ቤት ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች፤ ስትተኛ እንኳ ነጠላውን ትራሷ ሥር ነው የምታደርገው። እዚሁ ኑሪ ስላት «እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው» ትለኛለች። ያቺን ቋጠሮ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። በመጀመሪያው የውሃ ቀን ከሥራ ስገባ ማሽኑ ይሽከረከራል፣ እማዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ደስ አለኝ። ከዚያ ሳፋውን ሳይ እርጥብ ነው፤ ሳሙናውም አልቋል።

«እማዬ፣ በእጅሽ አጥበሽ ነው እንዴ የከተትሽው?»

«ታዲያስ! ገመናዬን እንዲህ እንደቆሸሸ ለባዕድ ልስጥ?»

«ማሽን እኮ ነው!»

«ቢሆንስ?»

ሳቅኩም፣ ተናደድኩም። ወገቧን ያሳርፋል ያልኩት ማሽን ሥራዋን እጥፍ አደረገባት። ንጹሕ ልብስ የሚያጥብ ማሽን ያለን ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ወዲህ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ብከራከራትም ዋጋ የለውም፤ ግትርነቷን ወርሼዋለሁና አውቀዋለሁ።

ያሸነፋት ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ማሽኑ ያለቀለቀበትን ውሃ ወደ ፍሳሹ ሲለቀው አየችና ጮኸች። «ይሄን የመሰለ ውሃ ይደፋል?» በማግስቱ በርሜል ገዛች። ከዚያ ወዲህ የማሽኑን የፍሳሽ ጎማ ይዛ መቆም ሥራዋ ሆነ፤ የመጀመሪያው ውሃ ለሽንት ቤት፣ የመጨረሻው ለወለል። በእጅ ማጠቡንም ራሷ ተወችው። «ሁለት ጊዜ ታጥቦ ውሃ ይባክን?» አለች፤ ነውሩን የረሳችው ይመስል። እኔም ያላየሁ መሰልኩ። ቤቱ ደመቀ፣ እሷም ወዟ መለስ አለላት።

ነጠላዋ ግን ማሽኑ አጠገብ አልደረሰም። ጥለቱን ይበላዋል ትላለች፤ እኔ ግን ምክንያቱ ቋጠሮው እንደሆነ አውቅ ነበር።

ባለፈው የውሃ ቀን ልብሱን ስከት መጥታ ነጠላዋን አቀበለችኝ።

«ይሄንንም ጨምሪው። በትራስ ልብስ ውስጥ አድርገሽ ነው ታዲያ።»

ጫፉን ዳበስኩት። ቋጠሮው የለም፤ የነበረበት ቦታ ተጨማድዶ ቀርቷል።

«ቁልፉስ?»

«ጠዋት ጎፋ ደርሼ ለአከራይዋ መለስኩላት» አለችና በርሜሉን ወደ ጎማው አስጠጋች። «ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ውሃው ሳይሄድ ክፈቺው!»

ከፈትኩት። ፊቴን ወደ ማሽኑ አዙሬ አለቀስኩ፤ እሷም ያላየች መሰለች።